የሩቅያ ውጤት

ባለፈው ዓመት ትራንስክሪፕቴን ለማውጣት መርሳ ወደተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። የሬከርድ ክፍሏ ሠራተኛ በሩን ስትከፍተው ክረምቱን ሙሉ ታፍኖ የከረመ የወረቀት ሽታ ወጣ። ጣሪያው አፍስሶ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ፋይሎች ርሰዋል። አንዳንዶቹን አውጥታ በረንዳው ላይ ፀሐይ እያስመታቻቸው ነበር። «ሽታው ያስቸግርሻል፣ እዚያ ዛፉ ሥር ብትጠብቂኝ ይሻላል» አለችኝ። ምንም አይደለም ብዬ እዚያው በሩ ላይ ቆምኩ። የረጠበ ወረቀት ፀሐይ ሲነካው ምን እንደሚሸት ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ያን ዓመት ከተማችን ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ በተዋጊዎች እጅ ነበረች። ትምህርት የተከፈተው የካቲት ላይ ነው። በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ ተማሪዎች ሰኞ እንድንመጣ፣ ስንመጣም መጥረጊያና ባዶ ማዳበሪያ እንድንይዝ ተነገረ። ደብተር ያዙ ያለን ሰው አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ ያየነው ወረቀት ነው። የፈተና ወረቀት፣ የተማሪ ካርድ፣ ፎቶ የተለጠፈበት ፎርም፣ ከሜዳው እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ጭቃ ላይ ተረጋግጦ ተኝቷል። ዴስኮቹ ለማገዶ ተፈልጠዋል። ላቦራቶሪው ማድ ቤት ሆኖ ኖሮ ግድግዳው ጠቁሯል፣ መሐል ወለሉ ላይ ሦስት ጉልቻ አለ። እኛ ክፍል ሰሌዳው ላይ በከሰል የተጻፈ ረጅም የስም ዝርዝር ነበር። መምህር ጌታሁን ሁላችንም አንብበን ሳንጨርስ በእርጥብ ጨርቅ አስጠፉት። እኔ የሟቾች ስም ነው ብዬ አስቤ ስለነበር ከመካከላቸው የማውቀው ስም ስፈልግ ጠፋብኝ። በኋላ ላይ አንዲት ልጅ የተዋጊዎቹ የዘብ ተራ እንደሆነ ነገረችኝ።

መምህር ጌታሁን ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ፣ የደላንታ ሰው ናቸው። አሥረኛ ክፍል ስንገባ የክፍላችን ኃላፊ የሆኑት እሳቸው ነበሩ። ዘጠነኛ እያለን ኃላፊያችን የነበረው መምህር ዮሐንስ ጦርነቱ ሲመጣ ወጥቶ አልተመለሰም። መምህር ጌታሁን በዝግታ ይናገራሉ፣ ሲቆጡም ድምፃቸው ከፍ አይልም። ያን ቀን በሜዳው ላይ በመስመር አቁመውን፣ «ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ሁሉ አንሡ። ግማሽም ቢሆን፣ የተቃጠለም ቢሆን። እያንዳንዱ የአንድ ልጅ ዓመት ነው» አሉን።

ሦስት ቀን ለቀምን። ወረቀቱን ከጣሪያ በተነቀለ ቆርቆሮ ላይ እያሰጣን ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር እናስቀምጥበታለን። ፀሐዩ ሲበረታ ቆርቆሮው ይግልና ወረቀቱ ይጨስ ጀመር። ሽታው ጭቃም፣ ሽንትም፣ የተቃጠለ እንጨትም አለበት። ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ታጥቤም አይለቀኝም ነበር።

አባቴ ያኔ ሞቷል። ይህን ሳልናገር የሚቀጥለው ነገር አይገባም።

አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። ነሐሴ ላይ ተዋጊዎቹ ቆቦን አልፈው ወደ ወልድያ ሲመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ይፈለጋል ተባለና ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በእግር ወደ ደጋው ሊወጣ ተነሣ። እናቴ ዳቦ በጨርቅ ስትቋጥርለት እሱ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ትምህርት ቤት ለወላጆች ካርድ ይሰጣል የተባለው በዚያው ሳምንት ነበር፣ ግን መንገዱ በተፈናቃይ ተሞልቶ ማንም አልሄደም። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ካርድሽን ሳላይ ቀረሁ። ለመሆኑ ስንተኛ ወጣሽ?» አለኝ።

ስንተኛ እንደወጣሁ አውቅ ነበር። ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ መምህር ዮሐንስ ሮስተሩን ሲያዘጋጅ የረዳሁት እኔ ነኝ። ማርኩን እኔ ሳነብ እሱ ይጽፋል፣ ድምሩን ሁለታችንም እንሠራለን። ስንጨርስ፣ «ሩቅያ አንደኛ፣ አንቺ ሁለተኛ። በሦስት ነጥብ ነው የበለጠችሽ። እስከ ካርድ ቀን ለማንም አትናገሪ» ብሎኝ ነበር። ሩቅያ ራሷ አልሰማችም፤ ፈተና እንዳለቀ ለአረም ሥራ ወደ አገሯ ሄዳለች።

«አንደኛ» አልኩት አባቴን።

«አላልኩሽም?» አለኝ። ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝና ወጣ።

ታኅሣሥ ላይ ከተማው ሲለቀቅ አብረውት የሄዱት ሰዎች አንድ በአንድ ተመለሱ። በየቀኑ በር ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ጥር ላይ ባልደረባው ጋሽ ሙሉጌታ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሽማግሌዎቹን ሳይ ለዕርቅ የመጡ መስሎኝ እናቴና አባቴ ሳልሰማ ተጣልተው ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ሙሉጌታ አባቴ መንገድ ላይ ትኩሳት እንደያዘው፣ መድኃኒት እንዳልተገኘ፣ ደጋ ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንደተቀበረ ተናገሩ። ለቅሶው ጋብ ሲል እኔን ወደ እሳቸው አስጠግተው፣ «እስከ መጨረሻው ስምሽን ሲጠራ ነበር። ላገኘው ሰው ሁሉ ልጄ አንደኛ ወጣች ይላል። አንድ የማናውቀው ገበሬ ቤት ባደርንበት ጊዜ እንኳ ለሰውየው ነገረው» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያጽናናኝ ሰው ሁሉ መዋሸቴን ያወቀ ይመስለኝና ፊቴን አዞር ነበር።

ወደ ሩቅያ ልመለስ።

ሩቅያ ሰይድ ዘጠነኛ ክፍል ከቆላ የመጣች ልጅ ናት። ቀበሌዋ ከመርሳ በስተምሥራቅ በእግር ሦስት ሰዓት ይሆናል። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ስለሚያልቅ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከሦስት ልጆች ጋር ከመስጊዱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። ዓርብ ወደ ቤቷ ትሄድና እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። ክፍላችን ስድሳ ምናምን ልጆች ነበሩበት። የከተማው ልጆች ከፊት፣ የገጠሮቹ ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ማንም እንዲህ ሁኑ አላለንም፣ ግን እንደዚያ ነበር። ደረጃም እንደዚያው፣ ከአንድ እስከ አምስት የሚወጡት የከተማ ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው መብራት ያለ፣ ወላጆቻቸው ደብተር የሚያዩላቸው። ሩቅያ ወንበር አጥታ እኔ አጠገብ ግድግዳው ሥር እስክትቀመጥ ድረስ።

ሒሳብ ስትሠራ ዓይኗን ትጨፍንና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር። ከቁርኣኑ የትኛው ለሒሳብ እንደሚሆን ልጠይቃት እያፈርኩ አንድ ወር ቆየሁ። በመጨረሻ ስጠይቃት፣ «አሥራ ሰባትን በዘጠኝ እያባዛሁ ነው» አለችኝ። ስቃ አታውቅም ለማለት ይቻላል፣ ያን ቀን ግን ሁለታችንም ስቀን ከክፍል ወጣን። ከዚያ በኋላ እሷ ሒሳብ ታሳየኛለች፣ እኔ እንግሊዝኛ አነብላታለሁ። ጓደኛዬ ነበረች። አንደኛ መውጣቷም ደስ ብሎኝ ነበር ብል ግን ውሸት ነው።

ግማሹን የሮስተር ገጽ ያገኘሁት በጽዳቱ ሦስተኛ ቀን ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ከጉልቻው አጠገብ፣ ለመለኮሻ ታጥፎ ሳይቃጠል የቀረ ወረቀት። ስከፍተው የመምህር ዮሐንስን ሰማያዊ ቀለም አወቅኩት። የላይኛው ግማሽ የለም። በታችኛው አራት ስም አለ። መሠረት፣ እኔ ነኝ። መኮንን፣ ሙሐመድ፣ ሩቅያ። በእያንዳንዱ ስም ፊት ማርኩ፣ ድምሩ፣ ደረጃው። በሩቅያ ፊት አንድ፣ በእኔ ፊት ሁለት።

ሌሎቹ ልጆች ውጭ ቆርቆሮው ላይ ያሰጣሉ። ወረቀቱን አጥፌ ሹራቤ ውስጥ ከተትኩት።

በማግሥቱ መምህር ጌታሁን ከወረዳ የመጣ ፎርም ይዘው ገቡ። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ዕድሜ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ስንት ተፈናቃይ፣ ስንት ያቋረጠ። ዴስክ ስለሌለ ድንጋይና ጀሪካን ላይ ተቀምጠናል፤ ከግማሽ አንሰናል። መካከላችን ደግሞ ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ የማናውቃቸው ልጆች አሉ። መምህሩ የአምናውን ስም ከትዝታቸውና ከእኛ እየሰበሰቡ ይጠራሉ፣ ክፍሉ የሚያውቀውን ይመልሳል።

«መኮንን?»

«ሚሊሻ ገብቷል ቲቸር።»

«ሙሐመድ?»

«ኮምቦልቻ፣ አክስቱ ጋ።»

«ትዕግሥት?»

«አግብታለች።»

የሚመልስ ሲጠፋ መምህሩ ከስሙ ፊት ነጥብ ያደርጋሉ። ነጥብ ማለት ሞቷል ማለት ነው ብዬ ወሰንኩ። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ምናልባት ነጥቡን ሲያደርጉ እስክሪብቷቸውን ለአፍታ ስለሚያቆሙት ይሆናል። «ሩቅያ ሰይድ?» አሉ። ማንም አልመለሰም። አብረዋት ክፍል ከተከራዩት ልጆች አንዷም አልመጣችም ነበር። ነጥብ አደረጉ።

ልቤ ደነገጠ፤ ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ። ለሞተ ሰው ማርክ ምን ያደርግለታል ብዬ አሰብኩ።

«ወላጅ ያጣ እጁን ያውጣ» አሉ መምህሩ። ብዙ እጅ ወጣ። እኔ አላወጣሁም። ቆጠሩና ሊጽፉ ጎንበስ ሲሉ ወደ እኔ አዩ። አንድ ጨምረው ጻፉ።

ያገኘነው ወረቀት ለሁሉም አልበቃም። ስለዚህ አንዳች የተጻፈ ማስረጃ ያለው ልጅ ወደ አሥረኛ ይለፍ፣ ምንም የሌለው ዘጠነኛን ይድገም ተባለ። እኔ ማርኬን ደብተሬ ጀርባ ላይ ገልብጬው ስለነበር ያን አሳየሁ። መምህሩ ሮስተሩን ስረዳ እንደነበር ያውቃሉና አመኑኝ። «ደረጃሽስ?» አሉኝ። አንደኛ አልኩ። ሲጽፉት አየሁ። ግማሹ ገጽ ቤት፣ አባቴ የትምህርት ማስረጃውን የሚያስቀምጥባት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። አባቴ ዘንድ ያለ ያህል ተሰማኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የገበያ ቀን፣ ሩቅያ መጣች።

ክፍሉ በር ስላልነበረው መጀመሪያ ያየሁት ጥላዋን ነው። ከስታለች፣ ቁመቷ ጨምሯል። ከኋላዋ አጎቷ ቆመዋል፤ አባቷ ልጅ እያለች ስለሞቱ የቤቱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው። እኔ ከተቀመጥኩበት ጀሪካን ተነሣሁና መልሼ ተቀመጥኩ። መንፈስ ያየሁ ያህል ነበር። እሷ ግን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝና ፈገግ አለች።

መምህር ጌታሁን ወደ በረንዳው ወጡ። በመስኮቱ ባዶ ቀዳዳ ሁሉም ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር» አሉ አጎቷ። «ዘግይተናል፣ አፉ ይበሉን። መንገዱ አልተከፈተም ነበር። ልጅቱን አስገቡልኝ።»

መምህሩ ነገሩን አስረዱ። የአምናው ወረቀት መጥፋቱን፣ ማስረጃ ከሌላት ዘጠነኛን መድገም እንዳለባት። የሒሳቡና የባዮሎጂው መምህራን አለመመለሳቸውንም ነገሯቸው፤ እነሱ ቢኖሩ የራሳቸው መዝገብ ይታይ ነበር።

«መምህር፣ ከእርስዎ አልደብቅም» አሉ አጎቷ። «በሬዎቹ ታርደዋል። ማሽላው ቆሞ ነው የተቃጠለው። ወንድሜ ልጆቹን ትቶልኝ ነው የሞተ፣ የእኔም አሉ። ደላላው የሰፈሩን ልጆች ለሳውዲ እየመዘገበ ነው። እኔ እምቢ ያልኩት ጎበዝ ናት፣ ሦስት ዓመት ብትቀራት ነው ብዬ ነበር። አራት ከሆነ ግን አልችልም።»

«አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አሉ መምህሩ። «የሚያውቅ ሰው ካለ ላፈላልግ።»

ሩቅያ ያኔ በመስኮቱ ወደ እኔ ዞረች። «መሢ፣ አንቺ ከቲቸር ዮሐንስ ጋር ስትደምሩ ነበር። ስንት እንዳመጣሁ ታስታውሻለሽ?»

ክፍሉ ሁሉ አየኝ። ማርኳ አንድም ሳይቀር ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ሒሳብ ዘጠና ስድስት፣ ፊዚክስ ዘጠና አንድ።

«አላስታውስም» አልኳት።

«ጥቂቱንም?»

«ብዙ ሰው ነበር እኮ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቅር ያላት አትመስልም። አጎቷ ገበያ ጉዳይ ነበራቸውና እስኪመለሱ እዚህ ትቆይ አሉ። ገብታ አጠገቤ፣ እንደ አምናው ግድግዳው በኩል ተቀመጠች። እስክሪብቶና አንድ ቅጠል ወረቀት ሰጠኋት። መምህሩ ስለ ሕዝብ አሰፋፈር የሚያስጽፉትን እየተከታተለች ጻፈች፣ ርዕሱን አሰመረችበት። አጎቷ ሲመጡ ወረቀቱን አጥፋ ያዘች፣ እስክሪብቶውን ከደነችና መለሰችልኝ። «እናትሽ ደህና ናቸው? አባትሽስ?» አለችኝ። ደህና ናቸው አልኳት።

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ብዙ አላስታውስም። መምህር ጌታሁን በየቀኑ ክፍል ሲገቡ፣ «የሩቅያን የሚያውቅ ተገኘ?» ይላሉ። በየቀኑ በልቤ ነገ እሰጣለሁ እላለሁ። ግን ወረቀቱ ከወጣ አባቴ ለዚያ ገበሬ የነገረው ውሸት ይሆናል። ለእኔ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ አባቴ ሞቷል፣ የመጨረሻ ያወቀው ነገር ደግሞ አንደኛ መሆኔን ነው። ወረቀቱን ከሳጥኑ አውጥቼ ሁለተኛ ነኝ ማለት አባቴን ዳግመኛ የሚገድለው ይመስለኝ ነበር።

ወረቀቱን ያገኘችው እናቴ ናት። ሳምንቱ ካለቀ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። የአባቴን የቅጥር ደብዳቤ ስትፈልግ ሳጥኑን ዘርግፋው ሳለ ደረስኩ። ግማሹን ገጽ በሁለት እጇ ይዛዋለች። እናቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምራለች፣ የእኔን ስም አታጣውም።

«ይኼ የትምህርት ቤት አይደለም? እዚህ ምን ይሠራል?»

ነገርኳት። መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ በኋላ ሁሉንም። አባቴን ምን እንዳልኩት፣ ሩቅያን ምን እንዳልኳት። እናቴ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ያን ቀን ሁለተኛ ብትዪው ኖሮ ግንባርሽን አይስምሽም ነበር?» አለችኝ።

«ይስመኝ ነበር።»

«እሱን ምንም አታደርጊውም፣ አይጨመርለትም አይቀነስበትም። ልጅቱ ናት በሕይወት ያለች። ተነሺና ውሰጂ።»

«ነገ ጠዋት...»

«አሁን።»

መምህር ጌታሁንን ተከራይተው በሚኖሩበት ቤት አገኘኋቸው፤ ደጃፍ ላይ ሸሚዝ ያጥባሉ። እጃቸውን አድርቀው ወረቀቱን ተቀበሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንቺ ጋ ያለው?»

«ከጽዳቱ ቀን።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። ወደ ቤት ገብተው በንጹሕ ወረቀት የሩቅያን ማርክ ገለበጡና ፈረሙበት። «ርዕሰ መምህሩንም አስፈርማለሁ። ቅዳሜ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሉ። «እናትሽን አስፈቅጂ።»

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ወንዙን ጫማችንን በእጃችን ይዘን ተሻገርን። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሳ ጥቁር ነበር፣ የተቃጠለ የማሽላ አገዳ ቁመቱን ይዞ ቆሟል፣ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። መምህሩ መንደር ባገኘን ቁጥር ይቆማሉ፤ የማን ልጅ እዚህ ነበር፣ የት ደረሰ ይላሉ። ሰዎቹ ይነግሯቸዋል፣ እሳቸው በደብተር ይይዛሉ። አንደኛው ሐራ በቀን ሥራ፣ አንደኛዋ ባል ቤት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች መከላከያ፣ አንዱ በሜዳ ላይ ያገኘውን ብረት ሲነካካ ፈንድቶበት ሞቷል። ከአንድ ሌላ ስም ፊት ነጥብ ሲያደርጉ አየሁና ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«ቲቸር፣ ነጥብ ምን ማለት ነው?»

«አላወቅንም ማለት ነው» አሉኝ። «ገና እንጠይቃለን ማለት ነው።»

የሩቅያን ቤት ስንደርስ እናቷ እማማ ዘሐራ ደጅ ላይ ከቃጠሎ የተረፈ ማሽላ በዱላ ይወቃሉ። መምህሩን ሲያዩ ዱላውን አስቀምጠው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ሰላምታ ተለዋወጡ። መምህሩ የሩቅያ ውጤት መገኘቱን፣ አሥረኛ ክፍል መግባት እንደምትችል ተናገሩ።

«ረቡዕ ሄደች» አሉ እማማ ዘሐራ።

«ወዴት?»

«በአፋር በኩል። ከአራት ልጆች ጋር። አጎቷ እስከ መንገዱ ሸኝቷቸዋል። ሳምንቱን ጠበቅን መምህር። ሳምንቱ ሲያልፍ ደላላው አልጠብቅም አለ።»

ረቡዕ። ወረቀቱን ለመምህሩ የሰጠሁት ሐሙስ ነው።

እማማ ዘሐራ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡን፣ ውኃ ሰጡን። ከዚያ ወረቀቱን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ምን ይላል? አንብቡልኝ እስቲ» አሉ። መምህሩ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።

አነበብኩ። «አማርኛ ሰማንያ ስምንት። እንግሊዝኛ ሰማንያ አራት። ሒሳብ ዘጠና ስድስት...»

«ከስንት ነው?»

«ከመቶ።»

«አራቱን ምን አሳታት?» አሉ።

እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። «ደረጃ፣ አንደኛ» ስል፣ «ከእናንተ ከከተሜዎቹም?» አሉ። «ከሁላችንም» አልኳቸው። ከዚያ መምህሩን ሳላይ ቀሪውን ነገርኳቸው። ወረቀቱ አንድ ወር ሙሉ እኔ ቤት እንደነበር፣ ሩቅያ ስትጠይቀኝ አላስታውስም እንዳልኩ። ስለ አባቴ አልነገርኳቸውም። ምክንያት መስሎ እንዳይታይብኝ ፈራሁ።

እማማ ዘሐራ ሊሰድቡኝ ይችሉ ነበር፣ አልሰደቡኝም። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ በጊዜ ውጡ» አሉ ለመምህሩ። ዱላቸውን አንሥተው ማሽላውን ወደ መውቃት ተመለሱ።

ሰኞ ዕለት መምህር ጌታሁን አዲሱን ሮስተር አምጥተው ፊቴ ዘረጉት። «በራስሽ ጽሕፈት አርሚው» አሉኝ። ከእኔ ስም ፊት ያለውን አንድ ሰርዤ ሁለት ጻፍኩ። ከሩቅያ ፊት አንድ። በመጨረሻው ዓምድ፣ ያለችበት ሁኔታ በሚለው ሥር፣ «ያቋረጠች» ተብሎ እንዲጻፍ ፎርሙ ያዛል። እሱንም ጻፍኩ። ወረዳ የሄደው ቁጥር ውስጥ ካቋረጡት ሴቶች አንዷ እሷ ናት። መምህሩ ለክፍሉ አንደኛ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ለማንም አልሰጡም።

እማማ ዘሐራን እንደገና ያየኋቸው ሰኔ ላይ፣ ገበያ ውስጥ ነው። ከአህያቸው ላይ ጭነት ሊያወርዱ ሲታገሉ ሄጄ ያዝኩላቸው። አወቁኝ።

«አንድ ጊዜ ደወለች» አሉኝ። «ከባሕሩ ዳር ሆና። ነገ እንሳፈራለን አለች። ውጤትሽ መጥቷል፣ አንደኛ ነሽ፣ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው አልኳት።»

«ምን አለች?»

«አውቅ ነበር አለች። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።»

ከዚያ በኋላ አልደወለችም። አብረዋት ከሄዱት ሁለቱ ሳውዲ ገብተው ለቤተሰቦቻቸው ደውለዋል፤ ስለ ሩቅያ ሲጠየቁ በሌላኛው ጀልባ ነበረች ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። አውቅ ነበር ያለችው አንደኛ መውጣቷን ይሁን የእኔን መዋሸት፣ እናቷ አልጠየቋትም። እኔም እሳቸውን አልጠየቅኳቸውም። ጭነቱን አውርደን አህያውን ጥላ ሥር እስክናስር ድረስ አብሬያቸው ቆየሁ፣ ከዚያ በቀኝ እጃቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «በይ ሂጂ፣ ትምህርትሽ እንዳያልፍሽ» አሉኝ።